አራት ወር ከዐሥር ቀን

ግንቦት 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

አባባ ሞቱ። ተጽፎ ሲታይ እውነት ይመስል እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍሁት።

ዓርብ ሚያዝያ 28 ቀን ደልጊ ላይ ሞቱ፤ በዕለቱ እዚያው ተቀበሩ። እኔ የሰማሁት ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአባባ ጋር ሐይቁን እየተሻገረ ደልጊ ገበያ ጨርቅ የነገደው አያ ኑርሑሴን፣ ከጀልባው ወርዶ ቤቱ እንኳ ሳይገባ መሥሪያ ቤቴ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከታይፕ መሣሪያዬ ቀና ብዬ «ግባ እንጂ አያ! አባባ ምን ላኩልን?» አልሁት። ሳቅሁም። ያቺን ሳቅ መልሼ ብውጣት እንዴት በወደድሁ።

«ጀሊላ፣ ነይ እስኪ ውጭ» አለኝ።

ግቢው ውስጥ ዋርካው ሥር ቆመን ነገረኝ። እሑድ ከጀልባ ሲወርዱ ብርድ ብርድ ይላቸው ነበር። ሰኞ ትኩሳት ሆነ፤ ረቡዕ ራሳቸውን ሳቱ፤ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በፊት አበቃ። ወባ ነው።

«ሁልጊዜ ክኒኑን ይዞ ነበር የሚመጣ» አለ አያ ኑርሑሴን። «ዘንድሮ ኪሱን ብንፈትሽ የለም፣ ሻንጣውን ብንፈትሽ የለም። ደልጊም ፈልገን አጣን። ምን እንደነካው እንጃ።»

«እኔም እንጃ» አልሁት።

ከዚያ ተመልሼ ገባሁና ስድስት ደብዳቤ መታሁ። አንዱም ስሕተት አልነበረበትም።

ግንቦት 3

ማታ ሼህ ዓብደላ ቤት ተሰበሰቡ። የእማማንና የአባባን ኒካሕ ያሰሩት እሳቸው ናቸው፤ በሰፈራችን ሠርግም ሞትም ያለ እሳቸው አይሆንም። የመርዶ ምክር የወንዶች ነው፤ ነገር ግን ለእማማና ለአባባ ከእኔ ሌላ ልጅ ስለሌላቸው እኔንም ጥግ ላይ አስቀመጡኝ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ለእማማ መርዶው መቼ ይነገር?

እማማ ሚያዝያ 20 ቀን የቀኝ ዓይኗን ሞራ በቀዶ ሕክምና አውጥተውላታል። ሐኪሙ ሲያሰናብተን የነገረው ለእኔ ነው። «አርባ ቀን አታጎንብስ፣ ከባድ አታንሣ፤ ከሁሉ በላይ እንዳታለቅስ። ስፌቱ ከተበጠሰ ዓይኑ ይጠፋል።» ይህንኑ ለሽማግሌዎቹ ደገምሁላቸው። ድምፄ ራሱ የሐኪሙን ድምፅ መሰለኝ።

ሼህ ዓብደላ «ሞት ተደብቆ አይኖርም። ዲናችንም መደበቁን አይወድም። ግን ዓይንም አማና፣ የአላህ አደራ ነው» አሉ። «አርባው ቀን እስኪሞላ ይቆይ።»

እፎይ አልሁ። አባቷ የሞተባት ልጅ ቁጭ ብላ እፎይ አለች።

ግንቦት 6

ምሳ ሰዓት፤ ቢሮ። ቶሎ ልጻፍ።

ትናንት እማማን ራት ሳጎርሳት አለቀስሁ። ቀኝ ዓይኗ ታሽጓል፤ ግራው እሱም ሞራ ስላለበት ከጥላ በቀር አያይም። ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ያለ ድምፅ አጎረስኋት። «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ? አፍንጫሽ ተዘጋ» አለችኝ። አዎ አልኋት። ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ አለችኝ። በዚች ከተማ እንደ ልቤ የማለቅስበት ቦታ እማማ ፊት ብቻ ነው።

ግንቦት 15

የጀልባ ቀን ነው። እማማ ከጠዋት ጀምራ «ዛሬ ጀልባ ነው፣ ዛሬ ጀልባ ነው» ስትል ነበር። ወደቡ ድረስ ሄድሁ። ሰው ሲወርድ ቆሜ አየሁ፤ ከነዶሮው፣ ከነጆንያው ሁሉም ወረደ። ተመለስሁና «ደህና ናቸው፤ ሰላም በይልኝ ብለዋል። የይለፍ ወረቀት ስለተከለከለ ግን ትንሽ ይቆያሉ» አልኋት።

«እንግዲህ መንግሥት ያዘዘውን ማን ይመልሰዋል» አለች።

ለውሸት የተመቸ መንግሥት ነው። ይህን መስመር ነገ እሰርዘዋለሁ።

ደግሞ ዕቃ ሰጠችኝ። ክረምት ሊገባ ነው፣ የደልጊ ነፋስ አጥንት ይሰብራል ብላ ጋቢያቸውን በዳሰሳ አጥፋ፣ በገመድ አስራ፣ ለጀልባ ሰው ስጪው አለችኝ። ይዤው ቢሮ መጣሁ። በፋይል ቁም ሣጥኑ የታችኛው መደርደሪያ አስገባሁት። አንድ ክፍል የምንሠራው ሰገነት «ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። ከእኔ ቀድማ እሷ አለቀሰች። መሀረብ ልታወጣልኝ ቦርሳዬን ስትከፍት ግን ነጠቅኋት። ጮህሁባትም። ደንግጣ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

ግንቦት 30

ዓይኗ ተከፈተ። ሐኪሙ ማሰሪያውን ሲያነሣ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «ከስተሻል» አለችኝ። «ምን ሆነሽብኝ ነው?»

ከዚያ እጆቿን ወደ ብርሃኑ ዘርግታ አየቻቸው። አምስት ዓመት ሙሉ አላየቻቸውም ነበር። «የማን እጅ ነው ይኸ? የእናቴን እጅ መሰለ» ብላ ሳቀች።

ማታ ሼህ ዓብደላ ሰው ልከው ጠየቁኝ። ሐኪሙ ጥቂት ይቆይ ብሏል አልሁ። ሐኪሙ አላለም።

ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ማልቀስም ቀረ።

ሰኔ 4

ከነገ ወዲያ ረመዳን ነው። «ጾሟን በሰላም ትጹም፤ ከዒድ በኋላ ይነገራት» ያለው አያ ኑርሑሴን ነው። እኔ አይደለሁም። ይህ ይመዝገብልኝ።

ሰኔ 17

ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወንዶቹ ለአባባ መስጊድ ውስጥ ሰግደውላቸዋል። ሴቶቹ እማማን ሊጠይቁ ሲገቡ በር ላይ ድምፃቸውን ያስተካክላሉ፤ ቁጭ ይላሉ፤ «ዓይንሽ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ሌላ የሚሉት ያጣሉ። አንዳንዷ ሳምቡሳ፣ አንዷም ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ማፍጠሪያ የማናዘጋጅበት ቀን በዛ። እማማ ዛሬ «አየሽ ጀሊላ፣ ሰው ሁሉ ምን ያህል እንደሚወደኝ የገባኝ ዘንድሮ ነው» አለችኝ።

የአባባን ድርሻ ቴምር በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከጋቢው አጠገብ ተቀመጠ።

ለምን እንደማልነግራት ራሴን ጠየቅሁ። ዓይኗ አንድ ነገር ነው። ግን ሌላም አለ። ሲመሽ በሩን ታያለች፤ የእግር ኮቴ ስትሰማ ንግግሯን ታቆማለች። እሷ ስትጠብቃቸው ሊመጡ የሚችሉ ይመስለኛል። እሷ መጠበቋን ስታቆም እኔ ምን ይቀረኛል? ደግሞ ስትሰማ መጀመሪያ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ። በምን ሞተ ትላለች። ክኒኑስ ትላለች።

ተወው።

ሰኔ 28

ሦስተኛ ዕቃ። ነጭ ኮፍያ፣ በኪሮሽ የሠራችው፣ በአንድ ዓይን። ለዒድ ያድርጋት አለችኝ። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተዛብቷል፤ አይታዋለች፤ «ይኸን አያየውም» አለች።

ሐምሌ 4

ነገ ዒድ ነው። ዛሬ ያደረግሁትን እጽፋለሁ፤ አለዚያ አድሮ የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኛል።

ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሰላት እንደተሰገደ፣ እማማ «ሒና ቀቢኝ» አለችኝ። ስንት ዓመት ተቀብታ አታውቅም፤ ለማላየው እጅ ምን ያደርጋል ትል ነበር። ዛሬ ግን ዱቄቱን ራሷ ገዝታ መጣች። «እጄ ተጨማደደ እንጂ አልሞተም። አባትሽ ሲመጣ ይየው።»

ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ ትቀመጣለች። አራት ወር ከዐሥር ቀን። ሒና አትነካም፣ ሽቶ አትቀባም፣ አታጌጥም፣ ከቤቷ ያለ ችግር አትወጣም። ይህን የማያውቅ የእስላም ልጅ የለም። እኔም አውቃለሁ።

ዱቄቱን በሻይ ለወስሁት፤ ሎሚ ጨመቅሁበት። እግሯ ሥር ተቀመጥሁ። እጇ ሞቃት ነበር። በእያንዳንዷ ጣት ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ጀምሬ፣ ጥፍሯን ሞላሁት፤ መሐል እጇ ላይም ክብ አደረግሁላት። በጨርቅ አሰርሁት። «ወፍራም አድርጊው፣ እንዲቆይ» አለችኝ። ወፍራም አደረግሁት። ዐሥሩንም ጣት ቀባሁ።

አንድ ጊዜ «እማማ» አልኋት። «ወዬ» አለችኝ። «ምንም» አልኋት።

ሐምሌ 5

ከዒድ ሰላት ስንመለስ። እማማ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሽቶ ነስንሳ፣ ያገኘችውን ሁሉ በሁለት እጇ እየጨበጠች «ዒድ ሙባረክ» ትላለች። ሰው እጇን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል።

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። «ባሏ ከተቀበረ ሁለት ወር አልፎት የለ? ሒና!»

«ዝም በይ፣ አልተነገራትም እኮ።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ ታውቃለች።»

ሐምሌ 19

ትናንት ግራ ዓይኗን ተሠራች። ለዚህ ዓይን ተራ ስንጠብቅ ነው ከዒድ በኋላ የተባለው ቀን ያለፈው። ሐኪሙ ያንኑ ቃል ደገመ። አርባ ቀን እንዳታለቅስ። ሐኪሙን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ነሐሴ 6

ዛሬ እማማ ድንገት ጠየቀችኝ። «ጀሊላ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አባትሽ ደልጊ ሚስት አግብቷል አይደል?»

የለም፣ በፍጹም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን «እኔ ምን አውቄ» አልሁ።

ከግንቦት ጀምሮ ከጠየቀችኝ ጥያቄ ሁሉ መልሱ ሞት ያልሆነ ይህ ብቻ ነው። አንዲቷን ቃል ያላልኋት ለዚያ ይመስለኛል።

ነሐሴ 14

አለቀሰች።

ቢሮ ውዬ ስገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ማሰሪያው ርሶ አገኘኋት። «ሠላሳ ዓመት!» ትላለች። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ዓይኔ ሲጠፋ ትቶኝ ሄደ። ዝናብ ነው ይለኛል። የይለፍ ወረቀት ነው ይለኛል። አራት ወር ሙሉ አንድ ቃል!»

«እማማ ዓይንሽ! ስለ አላህ፣ ዓይንሽ!»

«ዓይኔ ምን ይሠራልኛል? እሷን ልይበት?» ከዚያ እጇን ወደ ላይ አነሣች፤ ጥፍሯ ላይ ያለው ሒና አሁንም ቀይ ነው። «አላህ ይፍረደው። በዚህም በዚያም ይቅር አልለውም። ጋቢውን መልስ በዪው፤ ለሷ አይሁን።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኋት።

ከሞት እንባ ያዳንሁት ዓይን በቅናት እንባ ራሰ። ስፌቱ አልተበጠሰም። እኔ ግን ልናገር አልቻልሁም። አሁን ብነግራት የረገመችው ሬሳ ይሆናል። ትናንት ብነግራት ኖሮ አይሆንም ነበር። በየቀኑ ትናንት ይሻል ነበር እያልሁ መሸብኝ።

ነሐሴ 21

ሼህ ዓብደላ አስጠሩኝ። ብቻቸውን ነበሩ። ዛሬ አልጠየቁኝም፤ ነገሩኝ።

«ስሚ ልጄ። ዒዳ የሚቆጠር ባሏ ከሞተበት ቀን ነው፤ ከሰማችበት ቀን አይደለም። በጨረቃ ቆጥሬዋለሁ፤ ጳጉሜ ስድስት ላይ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ብትሰማ የምትቀመጠው ዒዳ የላትም። አልፏታል ማለት ነው።»

ይህን አላውቅም ነበር። ወላሂ አላውቅም ነበር። በሰማች ጊዜ ትጀምረዋለች ብዬ ነበር።

«ሳምንትም ትሁን፣ ሦስት ቀንም ትሁን፣ ትቀመጥለት» አሉ ሼሁ። «የሚስት ሐቋ ነው። እኛ ሁላችን በአንድ ላይ አጥፍተናል፤ ግን ቤቱ ውስጥ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«አርባው ቀን ነሐሴ 28 ይሞላል፤ ያን ጊዜ» አልሁ።

«ያን ጊዜ» አሉ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ነሐሴ 28

ሁለቱም ዓይኖቿ ያያሉ። ሐኪሙ አሁን ምንም አያስፈራትም አለኝ። ምንም።

ሐይቁን ልየው አለች። ይዣት ወረድሁ። ውሃው ከዝናቡ ብዛት ደፍርሷል፤ አንድ ሰው በታንኳ ደንገል ጭኖ ሲቀዝፍ ሩቅ ታየ፤ እማማ ግን ቆጥራ ነገረችኝ፣ ስንት እስር እንደጫነ። ከዚያ «ደልጊ በየት በኩል ነው?» አለች። ጠቆምኋት። ብዙ ቆማ አየች።

«አንድ ቀን እንኳ ይዞኝ አልሄደም» አለች። እርግማኑ ከድምፅዋ ወጥቶ ነበር። ናፍቆት ብቻ ነበር።

አፌን ከፈትሁ። ሁለት የሰፈራችን ሴቶች መጡ። በእነሱ ፊት አይሆንም ብዬ ዘጋሁት። ሴቶቹ ሰላም ብለው አለፉ። እኛ ግን ለአንድ ሰዓት ያህል እዚያው ነበርን።

ጳጉሜ 2

ቀኑ ተቆረጠ። ከነገ ወዲያ፣ ጳጉሜ 4፣ ንጋት ላይ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ። ከዒዳዋ ሦስት ቀን ይቀራታል። ድንኳን ተከራይተናል፤ ሴቶቹ ተነግሯቸዋል። ለድንኳኑ የቀበሌ ፈቃድ ነገ ጠዋት አወጣለሁ።

ጳጉሜ 3

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አለበል ይባላል። ግቢው ውስጥ ሰዎች ድንጋይ ኖራ ይቀባሉ። ማመልከቻዬን ራሴ ነኝ የመታሁት። አነበበው።

«የአብዮቱ በዓል መስከረም ሁለት መሆኑን ታውቂያለሽ፣ ጓድ ጀሊላ?»

«አውቃለሁ።»

«ሰልፉ በእናንተ ደጅ ነው የሚያልፈው። እስከዚያ የለቅሶ ድንኳን አይተከልም። ሰው ተሰብስቦ መጮህም የለም።»

«ሰው እኮ ሞቶ ነው።»

ወረቀቱን እንደገና አየው። «የሞተው በሚያዝያ ነው ይላል። አራት ወር የቆየ ለቅሶ አምስት ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል?»

ማመልከቻዬን አጥፌ ወጣሁ።

ሼህ ዓብደላ ሲሰሙ «ድንኳኑ ይቅር» አሉ። «እኔና ኑርሑሴን፣ ሁለት ሴት ጨምረን፣ ነገ በዝምታ ገብተን እንንገራት።»

እንቢ አልሁ። ተነሥቼ ቆምሁና «ለአባባ እንደ ሌባ በድብቅ አይለቀስላቸውም! ሠላሳ ዓመት የዚህን ከተማ ሰው አልብሰዋል፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በክብር ይለቀስላቸዋል» አልሁ። አያ ኑርሑሴን አለቀሰ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የአባቷ ልጅ» አለ አንዱ።

ያማረ ንግግር ነበር። ሼህ ዓብደላ ብቻ ራሳቸውን አልነቀነቁም።

ጳጉሜ 6

ዛሬ ነው። ፀሐይ ስትገባ ይሞላል።

እማማ ፀጉሯን ታጥባ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። አረፋ ላይ ካልመጣ እኔ ራሴ ደልጊ እሄዳለሁ፣ የመጣው ይምጣ ትላለች።

ፀሐይ ገባች።

መስከረም 2 ቀን 1976

ሰልፍ ወጣሁ። ከመሥሪያ ቤታችን ሰው ጋር፣ በሦስተኛው መስመር። የመፈክሩን ጨርቅ አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር። በደጃችን ሳልፍ እማማ በር ላይ ቆማ አየችኝ፤ በሁለት ዓይኗ አየችኝ፤ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ነገ ጠዋት ነው። ከነገ በፊት አንድ ነገር ልጻፍ።

ሚያዝያ 22 ቀን ጠዋት አባባ «ጀሊላ፣ ክኒኑን እንዳትረሺ» አሉኝ። አልረሳሁም። ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ፤ በትንሽ የወረቀት ከረጢት አድርገው ሰጡኝ። ማታ እሳቸው ዕቃ ሲጭኑ አምሽተው ሲመጡ ተኝቼ ነበር። በማግሥቱ ሚያዝያ 23 የላብ አደሮች ቀን ነው፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ለሰልፍ ወጣሁ። ጀልባው የሚነሣው በስድስት ሰዓት ነው፤ ከሰልፉ ወደብ አደርስላቸዋለሁ አልሁ።

ሰልፍ ከለከለኝ ብል ሰው ሁሉ ያምነኛል። ሰልፉ በአራት ሰዓት ተበተነ። ሰገነት ኬክ እንብላ አለችኝ። በላን። ሳቅን። ያለንበት ካፌ ከወደቡ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሻይ ጨመርን። የጀልባው ጡሩንባ ሲነፋ ሰማሁት። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። ደልጊም ክኒን አይጠፋም አልሁ፤ ሻዬንም ጨረስሁ።

ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳ አልቀየርሁም።

መስከረም 3

ተነገራት።

ከሱብሒ በኋላ ሲገቡ እማማ መስገጃዋ ላይ ነበረች። ሴቶቹን አየች፣ ሼሁን አየች፣ አያ ኑርሑሴንን አየች። «ኢና ሊላሂ» አለች ማንም ሳይናገር። «የማን ነው?»

ሼህ ዓብደላ «መዲና፣ አላህ የሰጠውን ወሰደ። ሙሀመድየሱፍ ወደ አኼራ ሄዷል» አሏት።

ሴቶቹ ጮኹ። አራት ወር ያፈኑት ነበርና ጩኸታቸው ቤቱን ሞላው። እማማ አልጮኸችም። እስኪበርዱ ጠበቀቻቸውና «መቼ?» አለች።

ሼሁ እኔን አዩኝ።

«ሚያዝያ 28» አልሁ።

በጣቶቿ አንጓ ቆጠረች። ግንቦት። ሰኔ። ሐምሌ። ነሐሴ። ጥፍሮቿ አድገው ሒናው ከጫፍ ላይ ብቻ ቀርቷል። ሲሶው ቀይ ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«ዒዳዬስ፣ ሼህ ዓብደላ?»

«አልፏል፣ መዲና። አታውቂም ነበርና አላህ አይጠይቅሽም።»

«መቼ አለፈ?»

«ሦስት ቀን ሆነው።»

«ሦስት ቀን» አለች። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «በዒድ ሒና ነበረኝ። ሽቶ ነበረኝ። እጃችሁን ጨብጬ ነበር። ታውቁ ነበር?» አንዷም ቀና አላለችም። «እኔ እኮ ረገምሁት። መሬት ውስጥ ተኝቶ ሚስት አገባ ብዬ ረገምሁት!»

ይህን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ።

«አንቺ ነሽ የቀባሽኝ» አለች።

መስከረም 5

ድንኳኑ ዛሬ ይነሣል። በክብር ተለቀሰላቸው፤ መንገዱ እስኪዘጋ ሰው መጣ። ጓድ አለበልም መጣ፣ ተቀመጠ።

እማማ ጥፍሮቿን በምላጭ ቆረጠች። ሒናው እስኪጠፋ ቆረጠቻቸው፤ ሁለቱ ደሙ። ልርዳሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ እጇን ሻሽዋ ሥር አስገባች።

ሼህ ዓብደላን «እንደ አዲስ ልቀመጥ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ያለፈ ዒዳ አይቀመጡትም፣ ዱዓ አድርጊለት አሏት። «ታዲያ ሰው ሲበተን ምን ላድርግ?» አለች። «መቀመጫ እንኳ አልተዋችሁልኝም።» ሼሁ አቀርቅረው ወጡ።

መስከረም 8

አረፋ ከትናንት ወዲያ ነበር። አላረድንም።

ዛሬ ማለዳ አራት ቀን ሙሉ ስትዘጋኝ የቆየችው እማማ «የላክሁለት ዕቃ የት ነው?» አለችኝ። ሰገነት ዓርብ ከቢሮ አምጥታልኝ ነበር። አምጥቼ እግሯ ሥር አስቀመጥሁት። ሌላም ነገር ጨምሬበት ነበር። እንዴት ገባ ብባል አላውቅም ልል አልችልም፤ ኮፍያው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ጋቢውን ፈታች። ገመዱ እሷ እንዳሰረችው ነው። ቴምሩ ደርቋል። ኮፍያውን አነሣች፣ ክሩ የተዛባበትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው። ከውስጡ ትንሽዋ የወረቀት ከረጢት ወደቀች።

አንሥታ አየቻት። «ይኸን እኔ አልላክሁም» አለች።

«አዎ።»

«የማነው?»

«የአባባ ነው። ሊሄዱ ሲሉ ገዝቼላቸው ሳልሰጣቸው ቀረሁ።»

ከረጢቱን ከፈተች። አሁን ዓይኗ ጥሩ ያያል። ክኒኖቹን መዳፏ ላይ ገልብጣ አየቻቸው፤ አንድ በአንድ መልሳ ከተተቻቸው፤ አፉንም እንደነበረ አጠፈችው። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመታኝ ብዬ ተመኘሁ። ከረጢቱን ዘረጋችልኝ።

«ለሰው ስጪው» አለች። «ወባ የያዘው አይጠፋም።»

ጋቢውን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ቢሮ ሄድሁ፤ አራት ደብዳቤ መትቼ ተመለስሁ። ለማንም አልሰጠሁትም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።